ያለ እህል ወፍጮ ቤት

የእኛ ቤት ጠዋት የሚነጋው በዶሮ ጩኸት አልነበረም፤ በአባቴና በላይኛው ጎረቤታችን ሰላምታ ነበር። ቤታችን ከቡራዩ ወጣ ብሎ፣ የከተማው ቆርቆሮ አልቆ የጤፉ ማሳ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። የእኛን ማሳ ከእሳቸው ማሳ የሚለየው ቀጭን የሣር ድንበር ነው። አባቴ በዚህ ወገን፣ እሳቸው በዚያ ወገን ይቆሙና «አካም ቡልቴ?» ብለው ይጀምራሉ። እንዴት አደርክ መባባላቸው ነው። ከዚያ ልጆቹ እንዴት አደሩ፣ ከብቶቹ እንዴት አደሩ፣ እግሯን ያመማት ላም ተሻላት ወይ፣ መናገሻ ያለችው እህትህስ ይባላል። አንዱ ጠይቆ ሲጨርስ ሌላው ከመጀመሪያው ይነሣል። ማታ ተሰነባብተው የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን የሚያውቅ የለም፤ አገር ለአገር ተጠፋፍተው የከረሙ ይመስላሉ። ቁርሱ የሚቀዘቅዝባት እናቴ፣ እነዚህ ሁለቱ ቤት ቢቃጠል እሳቱን እንዴት አደርክ ሳይሉ አያጠፉትም ትል ነበር።

ያ ዓመት የማስተር ፕላን ዓመት ነበር። የአዲስ አበባ ፕላን በዙሪያዋ ወዳሉት ከተሞች ይገባል ተባለ፤ ቡራዩም፣ ሰበታም፣ ሱሉልታም ከዚያ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። ካርታውን በዓይኑ ያየ ሰው አላጋጠመኝም፤ ካርታውን የማይስል ሰው ግን አልነበረም። በሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ በፈሰሰ ሻይ ይስሉታል፣ መሬት ላይ በዱላ ይስሉታል፣ መስመሩም ሁልጊዜ የሚያልፈው በራሱ በሠዓሊው ማሳ መሐል ነው። ወጣቶቹ ተቆጥተው መንገድ ይዘጋሉ፣ ጎማ ይቃጠላል፣ ታክሲ ይቆማል፣ ዳታ ይጠፋል። ሐዘን የገባባቸው ቤቶችም ነበሩ፤ ሄደን ተቀምጠናል፣ አልቅሰናል፤ እኔ የምስቀው በዚያ አይደለም። የምስቀው በእኛው በራሳችን ነው። ዛሬም ታክሲ ውስጥ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ፤ አጠገቤ ያለ ሰው ይገላምጠኝና ቦታ ይቀይራል።

እኔ ያኔ ከተማው ውስጥ አንድ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ከሁሉ በላይ ግን ወሬ እሰማለሁ። ወሬ ይወደኛል፣ እኔም እወደዋለሁ። እና በአንድ ሳምንት ውስጥ የአባቴ አዋሳኞች በሙሉ አንድ በአንድ ብቅ ሲሉ እንዴት ዝም ልበል? አዋሳኝ ማለት ማሳው ከማሳህ የሚነካካ ሰው ነው። መጀመሪያ የላይኛው ጎረቤታችን መጡ፤ መታወቂያቸውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ኮፒ አስደረጉና ለአባቴ እንዳልነግረው አስማሉኝ። በማግስቱ ከወንዙ ዳር ያሉት ባለቤታቸው የሞቱባቸው እናት መጡ፤ ለማንም፣ በተለይ ለላይኛው እንዳትናገሪ አሉኝ። ከዚያ ከእኛ በታች የሚያርሱት ሁለት ወንድማማቾች መጡ። እነዚህ በድንበር ተጣልተው መነጋገር ካቆሙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ታላቅየው ጠዋት መጥቶ ለወንድሜ እንዳትነግሪ አለኝ፣ ታናሽየው ከሰዓት መጥቶ ያንኑ ቃል ደገመልኝ።

አስቡት፤ እኔ ሆዷ ምስጢር የማይችል ሴት፣ አራት መሐላ በሆዴ ይዤ ወደ ቤት ስገባ። ለምን እንደሚደባበቁ ግን አላወቅሁም። መቼም መታወቂያ ለሁሉ ነገር ኮፒ ይደረጋል፤ ስለዚህ ራሴ ምክንያት ፈጠርኩላቸው። ተደባብቀው ኮንዶሚኒየም ሊመዘገቡ ነው አልኩ። የወንዙ ዳሯ እናት ጥጃቸውን እየጎተቱ አራተኛ ፎቅ ሲወጡ ታየኝ፤ ብቻዬን ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ ተደፍቼ ሳቅሁ።

በዚያው ሰሞን የጠዋቱ ሰላምታ አጠረ። አባቴ ድንበሩ ላይ ይደርስና እንዴት አደርክ ይላል፤ የላይኛው ጎረቤታችን ደኅና ይላሉ፤ ሁለቱም ዘወር ይላሉ። ከብቶቹን የጠየቀ የለም። እናቴ ቁርሱ ትኩሱን ሲበላላት ደስ ይበላት ወይስ ትደንግጥ ግራ ገባት። ተጣልታችኋል ወይ ብላ ብትጠይቀው አባቴ ቆጣ አለ፤ አባቴ ደግሞ የሚቆጣው ሲያፍር ነው።

ሐሙስ ቀን እሱ ራሱ ሱቁ መጣ። ገባና በሩን ከኋላው ዘጋው። ከደረት ኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ሲያወጣ አየሁ፤ የመሬት ደብተሩ ነበር። የይዞታ ማረጋገጫው ማለት ነው፤ ማሳው የእሱ ለመሆኑ ያለችው ማስረጃ እሷ ብቻ ናት። ያቺን ደብተር ከቤት ስትወጣ አይቻት አላውቅም። አባቴ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላል፤ እሱ ግን ደብተሩን የሚይዘው ከሁለቱም በላይ ነበር። ደብተሩንና መታወቂያውን ኮፒ አድርጊልኝ፣ ለጎረቤት አትንገሪ ሲለኝ አምስተኛው መሐላ አናቴ ላይ ወጣ። ምንድን ነው ነገሩ ብዬ አፋጠጥኩት።

ተነፈሰና ነገረኝ። ሰው ደውሎለታል። ከፕላኑ ጽሕፈት ቤት ነኝ ብሎ፣ ኦቦ ብሎ በስሙ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ጠርቶታል። የማሳውን አቀማመጥ፣ አዋሳኞቹን ሁሉ ያውቃል። የካርታው መስመር በማሳው መሐል እንደሚያልፍ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ተፈርሞ እንደሚያልቅ፣ ከዚያ በፊት ግን መስመሩን ገፋ ማድረግ እንደሚቻል ነግሮታል። ለዚህ የሚያስፈልገው ዋናው የመሬት ደብተርና የመታወቂያ ኮፒ ነው። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ወፍጮ ቤቱ ጋ መልእክተኛ መጥቶ ይቀበለዋል፤ ሰኞ ማህተም ተመትቶበት ይመለሳል። ለማንም ከተነገረ ግን ነገሩ ይፈርሳል።

ሌባ ቢሆንስ አልኩት። አባቴ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የከረመ ይመስል ፈገግ አለ። ገንዘብ አልጠየቀኝም አለኝ፤ ሌባ ገንዘብ ሳይጠይቅ ይውላል ወይ? ደግሞም የሰውዬው ጨዋነት። ሰላምታውን እስከ መጨረሻው ተቀብሎታል። ከብቶቹ እንዴት ናቸው ብሎ ጠይቆታል። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ስለ ላሙ ሲጠይቀው በዕድሜው የመጀመሪያው ነበር፤ ልቡ ቀልጦ ቀርቷል። እኔ የማውቀው የቢሮ ሰው ቀና ሳይል ነገ ተመለስ የሚል ነው። ግርም አለኝ፤ ግን ማን ያውቃል፣ ትልቅ ቢሮ ሌላ ሊሆን ይችላል አልኩ።

ማስረጃም ነበረው። ከስልኩ በኋላ በአጥሩ ሥር የተወረወረ ፖስታ አግኝቷል፤ ጥብቅ ምስጢር ይላል፤ ውስጡ ያለው ደብዳቤ ስልኩ ያለውን ይደግማል፤ ግርጌው ላይ ክብ ማህተም አለ። ማህተሙን አይቼ ሳቅሁ። በእጄ ብዙ ደብዳቤ አልፏል፤ የመሥሪያ ቤት ማህተም ሙሉ ሆኖ አይቼ አላውቅም። ቀለሙ የደረቀ ነው፤ ግማሹ ይታያል፣ ግማሹን በግምት ነው የምናነበው። ይሄኛው ግን እንደ ሠርግ ጥሪ ካርድ ደምቋል። ይህን ስለው፣ አባቴ ትልቅ ቢሮ ቀለም አያጣም ብሎ አፌን አስያዘኝ።

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመ። አንድ ነገር እንደሚከብደው ያስታውቃል። «መሬት ነክ ነገር ያለ አዋሳኝ ሠርቼ አላውቅም» አለኝ።

እውነቱን ነው። በእኛ አካባቢ መሬት ሲከፈል፣ ሲሰጥ፣ ሲወረስ አዋሳኞቹ ይጠራሉ። አያቴ ማሳውን ለልጆቻቸው ሲያካፍሉ አንደኛው አዋሳኝ ታመው ስለነበር ነገሩ እሳቸው እስኪድኑ ቆይቷል። እሳቸው ድነው መጥተው፣ ድንበሩ ላይ ቆመው፣ አዎ ይሄ ነው ሲሉ ነው ያለቀው። ወረቀት የመጣው በኋላ ነው። አባቴ ደብተሩን ደረት ኪሱ ከትቶ ሲሄድ ከኋላ አየሁት፤ ማሳውን ተሸክሞ የሚሄድ ነበር የሚመስለው። አሳዘነኝ። ማሳው ከሄደ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም፤ ደብተሩን ቢሰጥም ቢከለክልም ፈርቷል። ቅዳሜ አብሬው እንደምሄድ ቆረጥኩ።

ቅዳሜ ደረሰ። ወፍጮ ቤት ለመሄድ እህል ያስፈልጋል፤ አባቴ ደግሞ ካገባ ጀምሮ ወፍጮ ቤት እህል ይዞ ሄዶ አያውቅም። እናቴን ዛሬ እኔ ላስፈጭልሽ ሲላት አሞሃል ወይ ብላ ግንባሩን ዳበሰችው። እሷ መልስ ሳታገኝ ጓዳ ገባ፣ ከጆንያዎቹ መሐል አንዷን ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ ጣለና ወጣ። እኔ ከኋላው።

ዋናው መንገድ ተዘግቶ ነበር። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ጎማ ይጨሳል፣ ወጣቶች ቆመዋል። ወፍጮ ቤቱ ግን ወደ ውስጥ በሚገባው ኮረኮንች ላይ ስለሆነ በእግር ደረስን። ወፍጮዋን የምታሠራው ከደቡብ የመጣች ሴት ነበረች፤ ጴንጤ ናት፣ ስትሠራ መዝሙር ታንጎራጉራለች፤ ቅንድቧ ሳይቀር ዱቄት ነው። የሴትየዋ አንደበት ስለታም ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ከወፍጮው ጩኸት ጋር ሲፎካከር ስለሚከርም ድምፅዋም አይናቅም።

አግዳሚው ላይ የላይኛው ጎረቤታችን ተቀምጠዋል። እህል የላቸውም። አባቴ ደንግጦ ምን እግር ጣለህ አላቸው፤ ላስፈጭ አሉ። እህልህስ ቢላቸው፣ ይመጣል አሉ። ከጎናቸው ተቀመጠ፤ ሁለቱም ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ፊት ለፊታቸው ያለውን ግድግዳ ማየት ጀመሩ። ትንሽ ቆይቶ የወንዙ ዳሯ እናት ነጠላቸውን ተከናንበው ገቡ። እሳቸውም እህል የላቸውም፤ ወፍጮ ፈጪዋን ልጠይቃት ነው የመጣሁት አሉ፤ እሷ ግን ስማቸውን እንኳ አታውቅም። ከዚያ ታላቅየው ወንድም መጣ፤ ከዚያ ታናሽየው። አንደኛው ውስጥ፣ ሌላኛው በር ላይ፣ ጀርባ ለጀርባ ቆሙ። አምስት ሰው፣ አንዲት ጆንያ።

ያቺንም ጆንያ ወፍጮ ፈጪዋ ፈታቻት። እጇን ከተተች፣ አወጣች፣ አየችው። «አባባ፣ ይሄ እኮ ዱቄት ነው» አለች።

አባቴ በጥድፊያ የተፈጨውን ጆንያ ነበር ያነሣው። ቀላ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አልላመም፣ ድገሚው አላት። እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ ጥግ ዞርኩ። ሳቅ ሲያፍኑት በአፍንጫ እንደሚወጣ ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ሰዓቱ ሄደ። ውጭ ሞተር በተሰማ ቁጥር አምስቱም እኩል ይነሣሉ፣ ሞተሩ ሲያልፍ እኩል ይቀመጣሉ። ማንም ማንንም ለምን ተነሣህ አይልም። በኋላ እንደሰማነው ሰውዬው ለእያንዳንዳቸው የተለያየ ሰዓት ሰጥቶ ነበር፤ አንዱ ሰጥቶ ሲሄድ ሌላው እንዲመጣ። መንገዱ ሲዘጋበት ነው ሁሉም አንድ አግዳሚ ላይ የተጠራቀሙት።

የአባቴ ስልክ ጠራ። ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ አፉን በእጁ ከልሎ፣ እሺ ጌታዬ፣ አልንቀሳቀስም አለና ዘጋው። ወዲያው የላይኛው ጎረቤታችን ስልክ ጠራ። እሳቸውም ዞረው፣ አፋቸውን ከልለው፣ እሺ ጌታዬ፣ አልንቀሳቀስም አሉ። ከዚያ የወንዙ ዳሯ እናት ነጠላ ውስጥ ጠራ። ከዚያ ታላቅየው። ታናሽየው የእሱ ከመጥራቱ በፊት ስልኩን በእጁ ይዞ ይጠብቅ ነበር፤ ጠራለት፤ እሺ ጌታዬ አለ። አምስቱም እግራቸውን ያያሉ። ወፍጮ ፈጪዋ ወገቧን ይዛ ስታያቸው ቆየችና «ዛሬ የሁላችሁም ጌታ አንድ ነው እንዴ?» አለች።

ያኔ አባቴ ተነሣ። ሁልጊዜ የማስበው እዚህ ላይ ነው፤ ብልጥ ስለነበር አልተነሣም። ሰውዬው ሌባ መሆኑን እንኳ ገና አልቆረጠለትም ነበር። የተነሣው አዋሳኞቹ በሙሉ ሳይጠራቸው ፊቱ ተደርድረው ስላየ ነው፤ ፈጣሪ ሰብስቦ ያመጣልኝ ነው ብሎ ነው። መሬት ነክ ነገር እየሠራ አዋሳኞቹ ቁጭ ብለው ዝም ማለት አልቻለበትም። ደብተሩን አወጣና ለላይኛው ጎረቤታችን አሳያቸው። ስለ ስልኩ፣ ስለ ፖስታው፣ ስለ ቅዳሜው ሁሉ ተናገረ። ለእኔ ያልነገረኝን ደግሞ መጨረሻ ላይ ተናገረ።

«መስመሩን ከኔ አንሥተህ ወዴት ትገፋዋለህ ብዬ ጠየቅሁት» አለ። «ወዳንተ አለኝ። እሺ አልኩት።»

ሳቄ ጠፋ። ሰላምታው ለምን እንዳጠረ ያን ጊዜ ገባኝ። የላይኛው ጎረቤታችን ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ከዚያ እሳቸውም ከጋቢያቸው ሥር ደብተራቸውን አወጡ።

«እኔን ወዳንተ ይገፋል ብሎኛል» አሉ። «እኔም እሺ ብያለሁ።»

ሁለት ሽማግሌዎች ደብተር ለደብተር ተፋጠዋል፤ አባቴ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እኔም አልቻልኩም። ከዚያ ከነጠላው ሥር ቀጭን ድምፅ መጣ፤ የወንዙ ዳሯ እናት የእኔን ደግሞ ወደ ታላቅየው ነው የገፋው አሉ። ታላቅየው በርግጎ፣ የኔን ወደ ወንድሜ ነው ያለኝ አለ። ታናሽየው ከበሩ ሳይዞር፣ የኔን ወደ እሳቸው አለ፤ በአገጩ የወንዙ ዳሯን እናት አመለከተ። ያ የፈራነው የማስተር ፕላን መስመር ሲዞር ሰንብቶ፣ ሁላችንንም አዳርሶ፣ ማረፊያ አጥቷል። መጀመሪያ የሳቁት የወንዙ ዳሯ እናት ናቸው። ከዚያ አባቴ፣ ከዚያ የላይኛው ጎረቤታችን። ወንድማማቾቹ እንኳ ስቀው ሲያበቁ ፊት ለፊት ተያይተው መቆማቸውን አወቁና ደነገጡ። እኔ አግዳሚው ላይ ተጋድሜ ጎኔን ይዤ ነበር፤ እኔ እኮ ኮንዶሚኒየም መስሎኝ ነው ብዬ ስጮኽ ማንም አልገባውም።

ሰውዬው የደረሰው እንዲህ ሆነን ነው። መንገዱ መኪናውን አላሳልፍ ብሎት በእግሩ ነበር የመጣው፤ ኮት ለብሷል፣ አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሏል፣ ጫማው አቧራ በልቷል፣ ቦርሳ ይዟል። በሩ ላይ ሲቆም አምስት ሰው በአግዳሚው ላይ በተርታ ተቀምጦ፣ አምስት ደብተር በጉልበቱ ላይ ይዞ ይጠብቀዋል። ተመልሶ እንዳይወጣ ታናሽየው ወንድም ተነሥቶ በሩ ላይ ቆመ። አባቴ ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠው። ሰላምታ ጀመሩት። የላይኛው ጎረቤታችን እንዴት አደርክ ብለው ጀምረው፣ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ጠየቁት፤ ሲጨርሱ አባቴ ከመጀመሪያው ተነሣ፤ ቀጥሎ እናትየዋ። ሰውዬው በመሐረብ ግንባሩን ይጠርግ ጀመር። ከብት የለኝም አለ በመጨረሻ፣ እንደሚለምን ሰው።

መልእክተኛ ብቻ ነኝ አለ። ነገሩን የሚያውቀው ቢሮ ያለው አለቃዬ ነው አለ። አባቴ እንግዲያው መድረስህን ለአለቃህ እንንገረው ብሎ ስልኩን ሰጠኝ፤ በጠዋት የደወለለትን ቁጥር መልሼ ደወልኩ። የሰውዬው ኮት ኪስ ውስጥ ዘፈን ተነሣ። አውጥቶ አየው፤ ያንሣው ይተወው ግራ ገባው፤ ሁላችንንም በየተራ አየን። ዘፈኑ ግን ይቀጥላል።

«አንሣው እንጂ» አለች ወፍጮ ፈጪዋ። «አለቃህ ይሆናል።»

እንደገና ሳቅ ፈነዳ። ሰውዬው ግን ወደ ውጭ ነበር የሚያየው። እኛም ወደዚያው ስናይ ሳቃችን ቀጥ አለ። መንገዱ ላይ የቆሙት ወጣቶች በዚያ ሰሞን ስለ መሬት ሲነሣባቸው እንዴት እንደሚሆኑ ሁላችንም እናውቃለን። በፕላኑ ስም የገበሬ ደብተር የሚሰበስብ ሰው ተያዘ ቢባል ቃል የሚያስጨርሰው አልነበረም። የላይኛው ጎረቤታችን ደም አንፈልግም፣ ለሕግ ይሰጥ አሉ፤ ሁሉም ተስማሙ። ግን እንዴት ይለፍ?

መፍትሔው ከወፍጮ ፈጪዋ መጣ። ኮቱንና ባጁን አስወለቀችው፣ አሮጌ ሽርጧን አለበሰችው፣ ከዚያ ሁለት እፍኝ ዱቄት ከአናቱ ጀምራ አፈሰሰችበት፤ ትንሽ የበዛ ይመስለኛል፣ እጇ ላይ ደስታ ነበረበት። የአባቴ ጆንያ ትከሻው ላይ ተጫነ። አባቴና የላይኛው ጎረቤታችን ግራና ቀኝ፣ ወንድማማቾቹ ቦርሳውን ይዘው ከኋላ፣ እኔና የወንዙ ዳሯ እናት መጨረሻ ሆነን ወጣን። ወጣቶቹ ሽማግሌዎቹን ሲያዩ ድንጋዩን ገለል አድርገው አሳለፉን። አንዱ እንዲያውም ለሰውዬው አዘነለትና እስከ ማዶ ላግዝህ አለው። አባቴ ተው ልጄ፣ ለምዶታል አለ።

ፖሊስ ጣቢያ አስረከብነው። ቦርሳው ሲከፈት ከሱሉልታና ከሰበታ የተሰበሰቡ ደብተሮች ተገኙበት፤ ሳቃችን ለሁለተኛ ጊዜ እዚያ ላይ ቆመ። ዋናውን ደብተርና መታወቂያውን ከያዘ ማሳውን ለማያውቅ ሰው እንደሚሸጠው ፖሊሱ ነገረን፤ አባቴ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ጆንያውን ስንጠይቅ ኤግዚቢት ነው ተባልን። ዱቄቱ ለምን ኤግዚቢት እንደሆነ የሚያስረዳን አላገኘንም። እናቴ ለወራት ዱቄቴስ እያለች አባቴን ስታሳጣው ኖረች፤ በኋላ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተብሎ በሬዲዮ ሲነገር እንኳ፣ እሰይ፣ ዱቄቴንም ይመልሱልኛላ ነው ያለችው።

እኔ አሁን ኮዬ ፈጬ ነው የምኖረው፣ አራተኛ ፎቅ፤ በሰው የሳቅሁበት በራሴ ደረሰ። ስልክ ይደወልልኛል፤ ከባንክ ነን፣ ከቴሌ ነን፣ ከፍርድ ቤት ነን ይላሉ፤ የተላከልዎትን ቁጥር ይንገሩን፣ አሁኑኑ፣ ለማንም እንዳይናገሩ ይላሉ። ድምፃቸው ይጣፍጣል፤ ከብት ቢኖረኝ ይጠይቁኝ ነበር። ለማንም እንዳይናገሩ የምትለዋን ስሰማ ስልኩን እንደያዝኩ ወጥቼ ፊት ለፊት ያለውን በር አንኳኳለሁ። እዚህ ሣር ድንበር የለም፤ አዋሳኜ ግን ያቺ የፊት ለፊቷ ጎረቤቴ ናት። ድምፁን ከፍ አድርገን፣ ሻይ ይዘን፣ አብረን እናዳምጠዋለን። አንዳንዴ እሷ ሰላምታውን ከመጀመሪያው ትጀምርለታለች፤ ያን ጊዜ ይዘጋዋል።

ከወፍጮ ቤቱ ማግስት እሑድ ነበር። አባቴና የላይኛው ጎረቤታችን ድንበሩ ላይ ቆመው የሳምንቱን ውዝፍ ሰላምታ ሲያወራርዱ ጠዋቱ አለቀ። እናቴ ቁርሱን ሁለቴ አሞቀችው፤ ሦስተኛው ላይ ትታው ቤተ ክርስቲያን ሄደች። አባቴ ተመልሶ ሲቀመጥ ያስጨነቀኝን ጠየቅሁት። «አባባ፣ እነሱ ወፍጮ ቤት ባይገጥሙህ ኖሮ ትሰጠው ነበር?»

የቀዘቀዘውን ገንፎ በማንኪያ እየቆፈረ ቆየ። ይዋሸኛል ብዬ ነበር፤ አልዋሸኝም።

«እሰጠው ነበር» አለ። «ሰውዬውም እውነተኛ ነው እንበል፤ መስመሩም ተገፋ፤ ማሳዬም ተረፈ፣ የጎረቤቴ ሄደ። ታዲያ በነጋታው ድንበሩ ላይ ቆሜ፣ ከብቶቹ እንዴት አደሩ ብዬ በምን አፌ እጠይቀዋለሁ?»

ከላይ በኩል ስሙን የሚጠራ ድምፅ መጣ። የረሱት ነገር ነበር፤ የላሟን እግር ሳይጠይቁት ቀርተዋል። አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠና ወጣ።